በ«57» የተገዛው ጃዝ ቤዝ እውነተኛ ነው? ስንትስ ያወጣል?

ጥያቄ፦ «አባቴ አዲስ አበባ በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ካረፈ በኋላ ጊታሩ እኔ ዘንድ ሜሪላንድ መጣ። የአንገቱ ራስ ላይ ፌንደር ጃዝ ቤዝ ይላል። ቦዲው ቀይ ነው፣ የአንገቱ ራስ ግን የእንጨት መልኩን እንደያዘ ነው። አንድ ሰው ቀዩ ፋብሪካው በትእዛዝ ይቀባው የነበረ ብርቅ ቀለም ነው ብሎኛል። ሳጥኑ ውስጥ ‹ሰኔ 57› የሚል የፒያሳ ሱቅ ደረሰኝ ስላለ የ1957 ሥሪት እንደሆነ አምኜ ነበር። ከጀርባው ያለው ብረት ላይ ቁጥሩ በኤል 58 ይጀምራል። ጓደኛዬ አንገቱን ሲፈታው ደግሞ ‹7 ኖቭ 64 ኤ› የሚል ማኅተም አገኘና ግራ ተጋባሁ። ውስጡ ካሉት ሦስት ቮልዩሞች (የድምፅ መቆጣጠሪያ መጠምዘዣዎች) ሁለቱ ላይ 3046438 ተጽፏል፣ ሦስተኛው ምንም የለውም። በብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ በሚያርፉበት ብረት) በኩል ያለው ፒክ-አፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት) ድምፅ አይሰጥም። መቃኛዎቹ አዲስ ናቸው፤ አሮጌዎቹ በፌስታል ተጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ አሉ። አንድ ገዢ በዚህ ሳምንት ከወሰንክ 3,500 ዶላር እከፍላለሁ ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይ ግን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የተጠየቀባቸው አይቻለሁ። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ ላክልኝ ይላል። እውነተኛ ነው? ከመሸጤ በፊት ወደ ፋብሪካ ቀለሙ ባስቀባውስ?»

ምላሽ፦

አያስቀቡት። በዚህ ሳምንትም አይሽጡት። እንዲህ የምልበትን ምክንያት ከቀኑ ጀምሬ ላስረዳ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው።

በ1957 የተሠራ ጃዝ ቤዝ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። የፌንደር ኩባንያ መሥራች ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ቤዝ ጊታር ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1951 ሲሆን፣ ጃዝ ቤዝ ለገበያ የቀረበው በ1960 ነው። አንድ ገዢ ፊት ቀርበው «የ57 ነው» ካሉ ወይ ሐሰተኛ ዕቃ ይዘዋል ብሎ ይሸሻል፣ ወይ ስለ ዕቃው እንደማያውቁ ተረድቶ ዋጋ ይሰብራል። ደረሰኙ ግን አልዋሸም። የፒያሳው ባለ ሱቅ የጻፈው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሰኔ 1957 ዓ.ም. ማለት ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7 ቀን 1965 ያለው ወር ነው። ይህን ስሕተት ከአገር ቤት በመጡ ሰነዶች ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ልጆች ውጭ ካደጉ በኋላ የአባት የእጅ ጽሑፍ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ይነበባል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንገቱ ላይ ያለውን ማኅተም እርስዎም ጓደኛዎም «ኖቬምበር 7፣ ደረጃ ኤ» ብላችሁ አንብባችሁት ይሆናል፤ አብዛኛው ሰው እንዲያ ነው የሚያነበው። 7 ቀን አይደለም፣ ፋብሪካው ለጃዝ ቤዝ አንገት የሰጠው መለያ ነው፤ የፕሪሲዥን ቤዝ 5 ነበር። «ኤ»ም የጥራት ደረጃ ሳይሆን ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያልፉበት አጥንት ላይ ያለው የአንገት ስፋት ነው፤ ኤ አንድ ኢንች ተኩል ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቢ ከዚያ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ሲ ደግሞ የፕሪሲዥን ዓይነቱ ሰፊ አንገት። ለጃዝ ቤዝ ቀጭኑ ኤ የሚጠበቀው ነው። ስለዚህ ማኅተሙ የሚነግረን «የጃዝ ቤዝ አንገት፣ ኖቬምበር 1964፣ ቀጭን» ብቻ ነው። ያም የአንገቱ ቀን ነው። አንገቱ መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ከቦዲ ጋር ሊገጥም ይችላል።

ቮልዩሞቹ ላይ ያለው ቁጥር የበለጠ ያናግራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አምራቹን ያመለክታሉ፦ 304 ስታክፖል የተባለው ኩባንያ ነው፣ 137 ቢሆን ኖሮ ሲቲኤስ ነበር። ቀጥሎ 64 ዓመቱ፣ 38 ሳምንቱ ነው። የ1964 38ኛ ሳምንት ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ይውላል። ቮልዩሙ በሴፕቴምበር ተሠራ፣ አንገቱ በኖቬምበር ታተመ፣ ዕቃው በሰኔ አዲስ አበባ ተሸጠ። ቅደም ተከተሉ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ የቮልዩም ቁጥር የሚያረጋግጠው «ከዚህ ቀን በፊት አልተሠራም» የሚለውን ብቻ ነው። ፌንደር በ1966 በገፍ የገዛቸው የሲቲኤስ ቮልዩሞች እስከ አሥርት ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በተሠሩ ጊታሮች ውስጥ ይገኛሉ፤ በዚያ ቁጥር ብቻ ተመርተው የ1969ን ጊታር የ1966 ነው ብለው የከፈሉ ሰዎች አሉ።

ከጀርባ ያለው የብረት ሳህን ቁጥር ከሁሉም ደካማው ማስረጃ ነው፤ ሰው ግን አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በኤል የሚጀምሩት ቁጥሮች ከ1963 እስከ 1965 የወጡ ናቸው። «58» ዓመት አይደለም፣ ተራ ቁጥር ነው፤ ሳህኖቹም ከሣጥን እንደ እጅ ገብ ስለሚወጡ ተራቸውን ጠብቀው አልተገጠሙም። ከዚህም በላይ ሳህኑ የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ካቻቢቴ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ይቀይረዋል፣ ለዚሁ ተብሎ ቁጥር የተመታበት አዲስ ሳህንም ይሸጣል። የአንገቱ ራስ ላይ የተለጠፈው የፌንደር ጽሑፍም እንደዚያው ነው፤ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ስስ ወረቀት ነው። ቁጥሩንና ጽሑፉን ብቻ ፎቶ አንስቶ «ኦሪጅናል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላውን እስኪያሳይ ድረስ ምንም እንዳላሳየ ይቁጠሩት።

ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ኩባንያ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር የገዛው በጃንዋሪ 1965 መጀመሪያ ነው። ሰብሳቢዎች «ከሲቢኤስ በፊት» ለሚሉት ዕቃ የበለጠ ስለሚከፍሉ፣ የእርስዎ ቤዝ ከወሰኑ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ጊዜዎን አያባክኑበት። ባለቤት በአንድ ሌሊት ቢቀየርም ሠራተኛው፣ እንጨቱና መሣሪያው በአንድ ሌሊት አልተቀየሩም። ዓይን የሚያያቸው ለውጦች ኋላ የመጡ ናቸው፦ የአንገቱ ጠርዝ በነጭ መስመር መከበብ የጀመረው በ1965 መጨረሻ፣ ክቦቹ ነጥቦች በአራት ማዕዘን ምልክት የተተኩት በ1966፣ ወፍራሙ ፖሊስተር ቀለም የመጣው በ1968 ገደማ፣ የብሪጁ ፒክ-አፕ ወደ ኋላ የተገፋው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንገቱ በሦስት ብሎን መታሰር የጀመረው በ1975። የእርስዎ ቤዝ አንገት ነጥብ ብቻ ካለው፣ ጠርዙ ካልተከበበና ብሎኑ አራት ከሆነ ገበያው የሚያየው እንደ ቀድሞው ዘመን ዕቃ ነው።

እውነተኛ ነው ወይ ላሉት፣ ከጻፉልኝ ተነሥቼ አዎ ወደሚለው አደላለሁ። ምክንያቴ የቀኖቹ መገጣጠም ብቻ አይደለም፤ ቀን ሊጭበረበር ይችላል። የሚያሳምነኝ ጉድለቱ ነው። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሠራ ሰው ቁጥር የሌለው የሬዲዮ ቮልዩም አይገጥምም፣ አሮጌ መቃኛ በፌስታል ጠቅልሎ አያስቀምጥም። ይህ የሠራተኛ ሙዚቀኛ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ በተገኘው ተጠግኖ ማታ መድረክ ላይ የወጣ። ሆኖም ከጽሑፍም ሆነ ከፎቶ ማንም ማረጋገጫ ሊሰጥዎ አይችልም፤ እሰጣለሁ የሚል ካለ ይጠንቀቁት። ዕቃው ተፈትቶ በእጅ መታየት አለበት።

ሲፈታ ምን መታየት እንዳለበት ልንገርዎ፣ ባለሙያው ዘሎ እንዳያልፈው። ፒክጋርዱ (ከክሮቹ ሥር ቦዲው ላይ የተገጠመው ስስ ሽፋን) የኤሊ ቅርፊት የመሰለው የዚያ ዘመን ሴሉሎይድ ከሆነ በስድሳ ዓመት ውስጥ ተኮማትሯል፤ ጠርዙ ተነሥቶ፣ ብሎኖቹ ወደ መሐል ዘመው፣ አንዳንዴም ቀዳዳው ተሰንጥቆ ይገኛል። ፍጹም ጠፍጣፋና ልክክ ያለ ፒክጋርድ ኋላ የተገዛ ነው። (አሮጌ ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ አጠገቡ የብየዳ ብረት የሚያስጠጋ ሰው እንዳይነካው።) በፒክ-አፑና በብሪጁ ላይ የብረት ክዳኖች ነበሩ፤ ተጫዋቾች ስለሚያውኳቸው አውልቀው ይጥሏቸዋል፣ የብሎን ቀዳዳዎቻቸው ግን መቅረት አለባቸው። ቀዳዳው ከሌለ ቦዲው ያጠራጥራል። መቃኛዎቹ ሥር ያለው እንጨት ላይ የፌስታሉ ውስጥ መቃኛዎች ብሎን በትክክል የሚያርፍባቸው ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው፤ ይህን ራስዎ ሳይነቅሉ በዓይን መለካት ይችላሉ፣ ከተገጣጠሙም ትልቅ ነገር ነው። ከ1962 አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት ላይ ጥቁሩ የጣት ሰሌዳ ወፍራም ጣውላ ሳይሆን ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር አብሮ የጎበጠ ስስ ልባጥ ነው፤ ከአንገቱ ጫፍ በኩል ሲያዩት ይታያል። የጣት ሰሌዳው ነጥቦች እስከ 1964 መገባደጃ ድረስ ደብዛዛ፣ ሸክላ የመሰሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያብረቀርቁ ሆኑ። የእርስዎ ልክ መሸጋገሪያው ላይ ስለሚወድቅ ሁለቱም ቢገኝ አይደንግጡ። ፒክ-አፖቹ ሲገለበጡ የዚያ ዘመን መሠረታቸው ግራጫ ነው፣ አንዳንዶቹም ላይ ቀን ተመትቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብየዳው! ሁለቱ ቁጥር ያላቸው ቮልዩሞች ላይ ያለው ብየዳ ያልተነካ፣ የደበዘዘና በጨርቅ የተለበጠ ሽቦ የያዘ ከሆነ እነዚያ ቮልዩሞች ከልደቱ ጀምሮ እዚያው ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ «ላጽዳው» ብሎ ያንን ብየዳ እንዳያቀልጠው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ግማሹ ዋጋ ያለው እዚህ ነው፣ ከሁሉም የተሳሳተ ምክር የተሰጠዎትም እዚህ ላይ ነው።

ፌንደር በመደበኛነት የሚቀባው መሐሉ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ወደ ቀይና ጥቁር የሚሸሸውን ሰንበርስት ነበር። በትእዛዝ፣ በአምስት በመቶ ጭማሪ፣ የመኪና ቀለም ይቀባ እንደነበርም እውነት ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ ፊየስታ ሬድ፣ ዳኮታ ሬድና ከሥሩ ብረት መሰል ንጣፍ ያለው ካንዲ አፕል ሬድ ይገኙበታል። እነዚህ ዛሬ ከሰንበርስቱ እጅግ ይወደዳሉ፤ ሰዎች ሐሰተኛ ቀይ የሚቀቡትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በትእዛዝ የተቀባ ጃዝ ቤዝ በዚያ ዘመን እንደ ደንቡ የአንገቱ ራስም በዚያው ቀለም ይቀባ ነበር። የእርስዎ የአንገት ራስ የእንጨት መልክ ነው። ይህ ብቻውን ፍርድ ባይሆንም ሚዛኑን በጣም ይደፋል። የእኔ ግምት አባትዎ ወይም ባንዱ ኋላ፣ ሁሉም መሣሪያ አንድ መልክ እንዲኖረው ወይም የተላላጠውን ለመሸፈን፣ ለመኪና ቀለም ቀቢ ሰጥተውት ነው። በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ማንም ወደፊት ውድ ይሆናል ብሎ አላሰበም።

ብዙዎች «ከቀዩ ሥር ሰንበርስት ካለ ኋላ የተቀባ ነው» ይላሉ። ስሕተት ነው። ፋብሪካው ራሱ የተበላሸ ሰንበርስት ላይ የትእዛዝ ቀለም ደርቦ ይቀባ ነበር። ልዩነቱን የሚናገሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ቀዩ ቀለም በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ዕቃው አንድ ጊዜ ከተገጣጠመ በኋላ ነው የተቀባው። የአንገቱ መቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀባ ቦዲው የሚንጠለጠልበት ዱላ የተጠለቀበት፣ ቀለም ያልነካው ቦታ መኖር አለበት፤ እሱ ላይ ቀይ ከፈሰሰበት ፋብሪካ አልቀባውም። የፒክ-አፑ ጉድጓድ ውስጥ ሰንበርስት የሚቀባ፣ አልደር ከተባለ እንጨት የተሠራ ቦዲ የሚነከርበት ቢጫ ይታይ እንደሆነ ይፈተሽ። አንዳንዶች ቦዲው ላይ የትንንሽ ሚስማር ቀዳዳዎች ፈልጉ ይላሉ፤ ፋብሪካው ቀለም እስኪደርቅ ቦዲውን በሚስማር ላይ ያቆም የነበረው እስከ 1964 መገባደጃ ስለሆነ በእርስዎ ላይ ቢኖርም ባይኖርም አያስፈርድም። በመጨረሻ የብር ኖት የሚመረመርበትን ዓይነት አልትራቫዮሌት መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። ያረጀ ናይትሮ ቀለም (የዚያ ዘመን የፋብሪካ ቅብ) ወደ አረንጓዴ ቢጫ ያበራል፤ ኋላ የተደረበው ጨልሞ ይቀራል።

ኋላ የተቀባ መሆኑ ከተረጋገጠ አንድ ጥሩ ዕድል ይቀራል። ቀለም ቀቢው ሳይልገው ከደረበው፣ ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ሰንበርስት ሊተርፍ ይችላል፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ብሪጁ ሥር (በክራር ቋንቋ በርኩማው ሥር ልበል) በማይታይ ቦታ ትንሽ ሞክሮ ቀዩን ማንሣት ይቻል እንደሆነ ይነግርዎታል። ከለገው ግን የሚመለስ ነገር የለም። በሁለቱም መንገድ እንደገና ማስቀባት ዋጋ አይጨምርም። አዲስ ሰንበርስት፣ በሊቅ እጅ ቢሠራም፣ በገበያ ዓይን ሁለተኛ ቅብ ነው፤ ለቀቢው የከፈሉትም ገንዘብ አይመለስም። ይልቁንም ዛሬ በዕቃው ላይ የሚነበበውን ታሪክ ያጠፋል፣ የሚቀጥለው ገዢም «ከዚህ ቅብ ሥር ምን ደበቁ?» ብሎ ይጠይቃል። የአባትዎ ቀይ ቢያንስ ሐቀኛ ነው።

የፋብሪካው የራሱ ቅጂዎችስ? ፌንደር ከ1982 ጀምሮ የ1962ን ጃዝ ቤዝ አስመስሎ በአሜሪካም በጃፓንም ሠርቷል፤ ከ1995 ወዲህ ደግሞ ሆን ብሎ ያስረጃቸው አሉ። ገበያ ላይ የሚያጭበረብሩት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን መነሻ አድርገው ነው፤ ሳህን ይቀይራሉ፣ ይፋቃሉ፣ ያጨልማሉ። የእርስዎ ዕቃ ላይ ያሉት ምልክቶች ከዚህ ጋር ስለማይሄዱ አልረዝምበትም።

ድምፅ የማይሰጠው ፒክ-አፕ እንዳያስደነግጥዎት፣ ተቻኩለውም እንዳያስቀይሩት። ሦስተኛውን ቮልዩም የቀየረው የሬዲዮ ጠጋኝ የበየደው ሽቦ ለቆ ሊሆን ይችላል፣ የጃኩም (ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ) ችግር ሊሆን ይችላል። በቴስተር ፒክ-አፑ ራሱ ይለካ፤ ደህና የጃዝ ቤዝ ፒክ-አፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባል። ምንም ካላነበበ ከሰው ፀጉር የቀጠነው ሽቦ ተበጥሷል። ያኔ ሁለት መንገድ አለ፦ በዚያው መሠረትና ማግኔት ላይ አዲስ ሽቦ ማስጠቅለል፣ ወይም ተመሳሳይ አዲስ ፒክ-አፕ ገጥሞ አሮጌውን በፌስታል ውስጥ ከመቃኛዎቹ ጋር ማስቀመጥ። ለመሸጥ ካሰቡ ምንም አያድርጉ፤ ገዢው ራሱ መወሰን ይፈልጋል። ለመጫወት ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ያ ፌስታል ግን በምንም ምክንያት እንዳይጠፋ! እንዲህ ያሉ ከረጢቶች ቤት ሲጸዳ ከቆሻሻ ጋር ሲጣሉ አይቻለሁ፤ ውስጣቸው ያለው ብረት ብቻውን በብዙ መቶ ዶላር የሚፈለግ ነው።

ዋጋው። ኢንተርኔት ላይ ያዩት 20 ሺህ የተጠየቀ እንጂ የተከፈለ አይደለም፤ ሲጀመርም ምናልባት የ1960 እና የ1961ዱን፣ ሁለት ድርብርብ መጠምዘዣ ያለውን፣ ወይም እውነተኛ የትእዛዝ ቀለም ያለውን ዓይነት አይተው ይሆናል። መመልከት ያለብዎት የተሸጡበትን ዋጋ ነው። ምንም ያልተነካ የ1964 መጨረሻ ሰንበርስት ጃዝ ቤዝ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ሙሉ ቦዲው እንደገና ከተቀባ ገበያው በልማድ ግማሹን ያህል ይቀንሳል። የተቀየረ አንድ ቮልዩም ትንሽ ነው፤ መቃኛዎቹ አብረው ስላሉ ሊመለሱ ይችላሉ፤ የብረት ክዳኖቹ መጥፋት የተለመደ ነው። የፒክ-አፑ ሽቦ ከተበጠሰ ግን ይሰማል። አንገቱ፣ ቦዲውና ቢያንስ አንዱ ፒክ-አፕ የራሱ መሆናቸው ተፈትሾ ቢረጋገጥ፣ እንዳለ፣ ከነቀዩ፣ ከ5,500 እስከ 7,500 ዶላር መካከል አስቀምጠዋለሁ። ቦዲው የሌላ ሆኖ ከተገኘ ይህ ግምት ይፈርሳል፤ አንገቱ ብቻውን ዋጋ ይኖረዋል፣ ቀሪው የተለቃቀመ ዕቃ ነው። ስለዚህ 3,500 ያለው ሰው አላታለለዎትም ይሆናል፤ ሳይፈተሽ የሚገዛ ሰው አደጋውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ፍተሻው ሲያልቅ ያ አደጋ ይወገዳል፣ ቅናሹም አብሮ መቅረት አለበት።

የአባትዎ ታሪክ ዋጋ ይጨምራል ወይ የሚለውን አልጠየቁኝም፣ ግን ይመጣል። ሰብሳቢው ለታዋቂ እጅ የሚከፍለው በማስረጃ ነው። የታዋቂው አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋች የጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዝ ፍሬቱ (የጣት ሰሌዳው ላይ ያለው የብረት ዘንግ) የተነቀለ፣ ቦዲው የተሰባበረና እንደገና የተጣበቀ ነው፤ በ1986 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰርቆ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሲገኝ ማንም ስለ ቀለሙ አልጠየቀም፣ እሱ ራሱ መሆኑ ነበር የተጠየቀው። የእኛ ሙዚቃ ቤዝ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያውቅ ያውቃል፤ የዋልያስ ባንዱን መላኩ ተገኝን ወይም የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ያዳመጠ ሰው የዜማው ጉልበት ከየት እንደሚነሣ ማስረዳት አያስፈልገውም። ነገር ግን ከእነዚያ መድረኮች የተረፉ መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፣ ወረቀት ያላቸውማ ከዚያም ያነሱ። አባትዎ ይህን ቀይ ቤዝ ይዘው የቆሙበት አንድ ፎቶግራፍ ካለ ፍሬት ላይ ያለውን መቦርቦር፣ የቀለሙን ጭረት ከዕቃው ጋር ያስተያዩ። ከሰንበርስቱ ዘመን የተነሣ ፎቶ ቢገኝ ደግሞ ከላይ ያልኩትን የቀለም ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል። አብረዋቸው የተጫወቱ በሕይወት ካሉ መቼና የት እንደተቀባ ይጠይቁና ድምፃቸውን ይቅዱ። ይህ የዶላሩን ግምት ብዙ ላይቀይረው ይችላል፤ እኔ ግን ከሳህኑ ቁጥር ይልቅ ለዚህ እጨነቃለሁ፣ ቁጥሩ ነገም እዚያው አለ፣ ምስክሮቹ ግን እያረጁ ነው።

ወደ ፍራንክፈርት መላክን በተመለከተ፣ በፖስታ እንዳይልኩት። በዚያ ዘመን ጥቁሩ የጣት ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የብራዚል ሮዝውድ ነው። ይህ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው ምድብ ውስጥ ገብቷል፤ በ2019 ለሌሎች የሮዝውድ ዓይነቶች የሙዚቃ መሣሪያዎችን ነፃ ያደረገው ማሻሻያ እሱን አይመለከትም። ጊታሩ ከእገዳው በፊት መሠራቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ከአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት፣ ከጀርመን በኩል ደግሞ ተገቢው ፈቃድ ሳይኖር ድንበር ከተሻገረ ሊወረስ ይችላል። የተወረሰ ዕቃ በልመና አይመለስም። የፒያሳው ደረሰኝ እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ነውና።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ለገዢው «አስመርምሬ እመልስልሃለሁ» ይበሉት፤ ከምር የሚፈልገው ከሆነ ይጠብቃል። በአካባቢዎ አሮጌ ፌንደር የሚጠግን፣ ግን የማይገዛና የማይሸጥ ባለሙያ ይፈልጉ፤ ገማቹና ገዢው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ሲፈታ አጠገቡ ይቁሙ፣ እያንዳንዱ ክፍል ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሣ፣ አንገቱ ሥር የተጣጠፈ ወረቀት ወይም ስስ ቁራጭ ካለ ሳይጠፋ ወደ ቦታው ይመለስ። ግምቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ቦዲው፣ አንገቱና ፒክ-አፖቹ ለየብቻቸው ተጠቅሰው። ከዚያ በኋላ መሸጥ ከፈለጉ ከ5,500 በታች አይውረዱ፣ «ኋላ የተቀባ» ብለውም በግልጽ ይጻፉ። ካልሸጡት በስሙ ኢንሹራንስ ይግቡለት፤ የቤት ኢንሹራንስ እንዲህ ላለ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ያንብቡ። ደረሰኙን ደግሞ ዛሬውኑ ከሳጥኑ ያውጡት። ቅጂውን ከጊታሩ ጋር ይተዉና ዋናውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ጊታሩ ቢሰረቅ የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዳው እሱ ነው።